ከተግሣጽ በፊት ቅርጽ

ንባባችሁን ከመቀጠላችሁ በፊት አንድ ነገር እንድታደርጉልኝ ልጠይቃችሁ። በኪሳችሁ ወይም በደብተራችሁ መካከል ያለውን እስክሪብቶ አውጡና ክዳኑን ተመልከቱ። የብዙዎቻችሁ እስክሪብቶ ክዳን ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለው። ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቼ በየዓመቱ «ይህች ቀዳዳ ለምን ተበጀች?» የሚል ጥያቄ አቀርባለሁ። «ቀለሙ እንዳይደርቅ»፣ «ክዳኑ በቀላሉ እንዲገጥም»፣ «ፕላስቲክ ለመቆጠብ» የሚሉ መልሶች ይመጣሉ።

ዋነኛው ምክንያት ግን ሌላ ነው። የእስክሪብቶ ክዳን የማኘክ ልማድ ከሕፃን እስከ አዋቂ የተለመደ ነው። ክዳኑ አምልጦ ወደ መተንፈሻ ቱቦ ቢገባ፣ በቀዳዳዋ በኩል ጥቂት አየር እንዲያልፍና ሐኪም ዘንድ እስኪደረስ ጊዜ እንዲገኝ ታስቦ ነው። ቀዳዳዋ ማንንም አትገሥጽም፤ ማስጠንቀቂያም አልተጻፈባትም። ሥራዋን የምትሠራው ምክር በማይሰማበትና ወላጅ ዞር ባለበት ሰዓት ነው።

እኔ የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ መተዳደሪያዬም ፊዚክስ ማስተማር ነው። ከልጆቼ ጋር ወለል ላይ ተቀምጬ ባሳለፍኩት ጊዜ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ለሕፃናት ከተሠሩ ዕቃዎች መካከል አብልጬ የምወዳቸው በቀለማቸው የሚያብረቀርቁትን ወይም ሙዚቃ የሚያሰሙትን አይደለም። ትምህርቱንም ሆነ ጥንቃቄውን ለወላጅ አንደበት ብቻ ሳይተዉ በገዛ ቅርጻቸው ውስጥ የያዙትን ነው። በዚህ ጽሑፍ ከእነዚህ ዕቃዎች ጥቂቶቹን አነሣለሁ፤ ከዚያም ጉዳዩ ስለ ምን የሳይንስ ተማሪ ጉዳይ እንደ ሆነ አስተያየቴን እሰጣለሁ።

ፔዳል የሌለው ብስክሌት

ለዶክትሬት ትምህርት በኖርኩባት የጀርመን ከተማ፣ ሁለትና ሦስት ዓመት የሆናቸው ሕፃናት በመናፈሻው ውስጥ በባለ ሁለት ጎማ ብስክሌት ሲከንፉ ባየሁ ጊዜ ዓይኔን አላመንኩም ነበር። ጠጋ ብዬ ስመለከት ብስክሌቱ ፔዳልም ሰንሰለትም የለውም። ሕፃኑ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ መሬቱን በእግሩ እየገፋ ይሮጣል፤ ፍጥነት ባገኘ ጊዜ እግሮቹን አንሥቶ ይንሸራተታል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ካርል ድራይስ እ.ኤ.አ. በ1817 በማንሃይም ከተማ የነዳው የእንጨት ባለ ሁለት ጎማ መሣሪያም ፔዳል አልነበረውም። ፔዳል የመጣው ከአርባ ዓመታት በላይ ቆይቶ በ1860ዎቹ ነው።

ልጅን ብስክሌት ለማስተማር የተለመደው ዘዴ ከኋላ ጎማው ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ አጋዥ ጎማዎችን መግጠም ነው። ብስክሌት መንዳት ግን ሁለት ክህሎቶችን ይጠይቃል፤ አንዱ ፔዳል መርገጥ ሲሆን ሁለተኛው ሚዛን መጠበቅ ነው። ከባዱ ሁለተኛው ነው። አጋዥ ጎማዎች ቀላሉን አስተምረው ከባዱን ይደብቃሉ። ይባስ ብሎም የተሳሳተ ልማድ ያስይዛሉ። ባለ ሁለት ጎማ ብስክሌት ወደ ግራ ለመታጠፍ ወደ ግራ ማዘንበል አለበት፤ አጋዥ ጎማ ያለው ግን እንደ ልብ ማዘንበል ስለማይችል በመታጠፊያው ላይ የልጁ ሰውነት ወደ ውጭ ይገፋል። ጎማዎቹ የወለቁ ዕለት ልጁ የለመደውን መርሳት ይኖርበታል።

ፔዳል የሌለው ብስክሌት ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። ልጁ መሪውን ወደሚወድቅበት አቅጣጫ ሲያዞር ጎማዎቹ ተመልሰው ከስበት ማዕከሉ ሥር እንደሚገቡ ማንም ሳይነግረው በአካሉ ይረዳል። ቢያጋድል እግሩ መሬት ላይ ነው። ሴት ልጄ በሦስት ዓመቷ በዚህ ብስክሌት ተለማምዳ ስለ ነበር፣ ፔዳል ያለውን በተሰጣት ዕለት ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ነዳች። እኔ በአሥራ ሁለት ዓመቴ የኪራይ ብስክሌት ስለማመድ ያተረፍኩት የጉልበት ጠባሳ ግን እስከ ዛሬ አለ። ልዩነቱን ያመጣው የልጄ ብልህነት ሳይሆን፣ አንድ ሰው «ከሁለቱ የትኛው ይቅደም?» ብሎ ማሰቡ ነው።

ስምንት እጥፍ የሆነው ጡብ

ሁለተኛው ምርጫዬ የዴንማርኩ ሌጎ ጡብ ነው። ዛሬ የምናውቀው ቅርጹ የባለቤትነት መብት የተጠየቀበት እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሆን፣ የዚያን ዘመን ጡብ ዛሬ ከተሠራው ጋር ይገጥማል። ከላይ ጉብታዎች፣ ከሥር ደግሞ ክብ ቱቦዎች አሉት። ሁለት ጡቦች ሲጫኑ ፕላስቲኩ በጥቂቱ ተለጥጦ ጉብታዎቹን ይጨብጣል፤ የሚያያይዛቸውም ሰበቃ ነው። ጭብጡ ቢላላ ቤቱ ይፈርሳል፤ ቢጠብቅ የሕፃን ጣት አያላቅቀውም። በሁለቱ መካከል ያለውን ጠባብ ክልል ለመጠበቅ የፋብሪካው ቅርጽ ማውጫ ስሕተት ከሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ በታች መሆን ነበረበት። ከአንድ መጫወቻ በስተጀርባ ይህን ያህል ጥንቃቄ መኖሩ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ሒሳብ ለምትወዱ ደግሞ የሚከተለውን እነሆ። ባለ ስምንት ጉብታ የሆኑ ሁለት ተመሳሳይ ጡቦችን በ24 መንገዶች ማያያዝ ይቻላል። ሦስት ሲሆኑ መንገዶቹ 1,060 ይደርሳሉ። ስድስት ሲሆኑ 915,103,765 ናቸው። ስድስት ጡብ የያዘ ሕፃን በዕድሜው ሙሉ ጨርሶ የማይሞክራቸው ምርጫዎች በእጁ አሉ ማለት ነው።

ከሁሉም የማደንቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1969 የቀረበውን ዱፕሎ የተባለውን ታላቅ ወንድሙን ነው። የዱፕሎ ጡብ ርዝመቱ፣ ወርዱና ከፍታው የትንሹ ጡብ ሁለት እጥፍ ነው። ስለዚህ ይዘቱ 2×2×2፣ ማለትም ስምንት እጥፍ ይሆናል። ይህ ልኬት ሁለት ጉዳዮችን በአንድ ጊዜ ይፈታል። አንደኛ፣ ሙሉ መዳፉን እንጂ ጣቶቹን ለይቶ ማዘዝ ላልቻለ ሕፃን እጅ ይመቻል፤ ለመዋጥም ትልቅ ነው። ሁለተኛ፣ ትንሹ ጡብ በትልቁ ላይ ስለሚገጥም፣ ልጁ ሲያድግ የቀድሞው መጫወቻው አይጣልም። ታላቅ እኅቱ በትንንሾቹ የሠራችውን ጣሪያ የአራት ዓመቱ ልጄ በትልልቆቹ በሠራው ግድግዳ ላይ ሲያኖር አይቼአለሁ። ሁለቱን ያስማማቸው የእኔ ሽምግልና አልነበረም።

የተንጠለጠሉ እግሮችና የጀርባ አንቀልባ

ኖርዌያዊው የቤት ዕቃ ነዳፊ ፔተር ኦፕስቪክ ትንሽ ልጁ ቤተ ሰቡ በሚመገብበት ጠረጴዛ ላይ እግሮቹ ተንጠልጥለው ሲቸገር ተመለከተ። እ.ኤ.አ. በ1972 ለገበያ የበቃው ትሪፕ ትራፕ የተባለው ወንበር የዚህ ምልከታ ውጤት ነው። መቀመጫውና የእግር ማሳረፊያው ከልጁ ቁመት ጋር ከፍና ዝቅ ይላሉ። የእግር ማሳረፊያው ለድሎት ብቻ የተጨመረ አይደለም። የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ አስታውሱ፤ እግሩ የሚገፋው ነገር ያጣ ሰው የሚመልስለት ግፊት ስለሌለ ግንዱን ማጽናት ይቸግረዋል፤ እጁም ይንቀጠቀጣል። ምግቡን የሚደፋው ሕፃን ባለጌ ሆኖ ሳይሆን መደገፊያ አጥቶ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሳስብ የእናቴ ቤት በርጩማ ይታወሰኛል። በመሶብ ዙሪያ በዝቅተኛ በርጩማ የሚቀመጥ ልጅ እግሩ ቀድሞውኑ መሬት ይነካል። ከፍ ያለውን ጠረጴዛ ከውጭ ስንወስድ ችግሩን አብረን ወሰድን፤ መፍትሔውን ግን ጥለነው መጣን።

ከጀርመን ስመለስ በብዙ ገንዘብ የገዛሁትን የሕፃን ጋሪ ይዤ ነበር። ለስላሳ ንጣፍ ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ እንደ ጀልባ ይሄድ የነበረው ጋሪ ሰፈራችን ኮረኮንች ላይ ሲደርስ ቆመ። ትንሽ ጎማ ከራዲየሱ ጋር የሚቀራረብ ከፍታ ያለውን ድንጋይ በቀላሉ ሊወጣ እንደማይችል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በቀላል ሥዕል ያስረዳል፤ እኔ ግን ከመግዛቴ በፊት አላሰብኩትም። ጋሪው ዛሬ እናቴ ቤት የሽንኩርት ማስቀመጫ ሆኗል።

እናቴ ስቃብኝ አንቀልባ አወጣች። አንቀልባ ሕፃኑን ከአዛዩ የስበት ማዕከል ጋር አቀራርቦ ስለሚያስር ጭነቱ ወደ ኋላ የሚጎትተው በጥቂቱ ነው። የሕፃኑ እግሮች በጀርባው ግራና ቀኝ ተከፍተው ይቀመጣሉ፤ ይህም አቀማመጥ ለዳሌ መገጣጠሚያ ዕድገት እንደሚበጅ ሐኪሞች ያስረዳሉ። የአዛይዋም ሁለት እጆች ነፃ ናቸው። ነዳፊዎቹ ስማቸውን አልተዉልንም፤ ሥራቸው ግን ከላይ ካነሣኋቸው በምንም አያንስም። ጥሩ ንድፍ የሚታወቀው በተሠራበት አገር ሳይሆን የሚውልበትን መንገድ በማወቁ ነው።

ጠርሙሱ የተናገረው

እስከ አሁን ስለምወዳቸው ዕቃዎች ተናገርኩ። አሁን ደግሞ ስለማፍርበት ቀን ልናገር።

ልጄ ገና ሁለት ዓመት ተኩል ሳለች፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለልብስ እጥበት በረኪና ገዝቼ መጣሁ። በረኪናው የተቀዳው በታሸገ ውኃ ባዶ ፕላስቲክ ጠርሙስ ነበር፤ የውኃው ስያሜ እንኳ ከላዩ አልተላጠም። ወጥ ቤት ወለል ላይ አኑሬው ስልክ ለማንሣት ዞር አልኩ። ስመለስ ልጄ ክዳኑን ከፍታ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ከአፏ አድርሳዋለች። ሽታው አፍንጫዋን ስለ መታት ፊቷን አዞረች እንጂ እኔስ አልደረስኩላትም። ባለቤቴ ፊቷንና እጇን በብዙ ውኃ አጠበቻት፤ ሐኪም ዘንድ ወስደናትም ደኅና መሆኗ ተነገረን። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጥፋቱ የልጄ አልነበረም። ያ ጠርሙስ ከተወለደች ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ሲነግራት ኖሯል፤ «ጠጪኝ» ሲል። እኔ በአንደበቴ «አትንኪ» ብላት እንኳ ጠርሙሱ በቅርጹ ከእኔ ይልቅ ጮኾ ይናገራል። ላምባ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ሲቀመጥም ነገሩ ያው ነው። ላምባ ደግሞ ከሆድ ይልቅ ሳንባ ውስጥ ሲገባ የከፋ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ ላምባም ሆነ በረኪና የጠጣን ልጅ እንዲያስታውክ ማድረግ አደጋውን ያብሳል፤ የሚበጀው በፍጥነት ሐኪም ዘንድ ማድረስ ነው።

ይህን ችግር በቅርጽ የፈታ ሰው አለ። ካናዳዊው የሕፃናት ሐኪም አንሪ ብሮ በኦንታሪዮ ግዛት በዊንዘር ከተማ መድኃኒትና መርዝ የዋጡ ሕፃናትን ሲያክም ኖሮ፣ ማከሙ ብቻ እንደማይበቃ ተረዳ። እ.ኤ.አ. በ1967 ተጭነው ካላዞሩት የማይከፈት ክዳን እንዲሠራ አደረገ። የሐሳቡን ውበት አስተውሉ። ክዳኑ ከልጁ የበለጠ ጉልበት አይጠይቅም፤ እንዲህ ቢሆን ኖሮ አቅመ ደካማ አረጋውያንም ባልከፈቱት ነበር። የሚጠይቀው ሁለት እንቅስቃሴዎችን በአንድ ጊዜ ማቀናጀትን ነው፤ ይህን ደግሞ አብዛኛው ትንሽ ልጅ ገና አልቻለውም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣችው ሕግ መሠረት፣ እንዲህ ያለው ክዳን ከ42 እስከ 51 ወር ዕድሜ ባላቸው ሕፃናት ይፈተናል። አሥር ደቂቃ ተሰጥቷቸው፣ በመካከሉም አከፋፈቱ በዓይናቸው ፊት ታይቷቸው፣ ቢያንስ 80 በመቶው መክፈት ሊሳናቸው ይገባል። በአንጻሩ ዕድሜአቸው ከ50 እስከ 70 ዓመት የሆኑ አዋቂዎች መክፈት መቻላቸው ይረጋገጣል። የሕፃኑ አለመቻልና የአዋቂው መቻል በአንድ ክዳን ላይ ሲለኩ ሳይንስ ይህ ነው።

ሌላም መለኪያ አለ። አሜሪካ ከ1980 ጀምሮ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የሚሠሩ መጫወቻዎችን የምትፈትንበት ትንሽ ሲሊንደር ውስጣዊ ዲያሜትሩ 31.7 ሚሊ ሜትር ነው። ወለሉ ዘንበል ያለ በመሆኑ ጥልቀቱ ከ25.4 እስከ 57.1 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። መጫወቻው ወይም ከእርሱ የወጣ ቁራጭ ሳይጨመቅ ሙሉ በሙሉ ከገባበት ለዚያ ዕድሜ አይፈቀድም። ብይ፣ ቁልፍ፣ የአንድ ብር ሳንቲም ሁሉም ይገባሉ። የሕፃን መተንፈሻ ቱቦ ጠባብነቱ ብቻ አይደለም የሚያሰጋው። ፈሳሽም ሆነ አየር በጠባብ ቱቦ ውስጥ በጸጥታ ሲፈስ መጠኑ የሚወሰነው በራዲየሱ አራተኛ እርከን ነው። የቱቦው ራዲየስ በግማሽ ሲቀንስ በተመሳሳይ ግፊት የሚያልፈው አየር ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ይህን ቀመር በክፍል ውስጥ ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን አባት ከሆንኩ በኋላ ነው።

የእጅ ሰዓትና የርቀት መቆጣጠሪያ ክብ ባትሪዎችም ከብይ የባሱ ናቸው። ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ በሕፃን ጉሮሮ ቧንቧ ላይ ቢጣበቅ በእርጥበቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ በአሉታዊው ጎን የሚፈጠረው ሃይድሮክሳይድ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ የባትሪ ቤቱ ያለ ካቻቢቴ የማይከፈት መጫወቻ ስታዩ፣ አንድ ሰው ስለ ማያውቀው ልጅ አስቧል ማለት ነው።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል»

ይህን ሁሉ ለወዳጆቼ ስነግራቸው ሁለት መልሶች ይሰጡኛል። የመጀመሪያው «ልጅ በዕድሉ ያድጋል፤ እኛስ ያለዚህ ሁሉ አድገን የለ?» የሚል ነው። የስታትስቲክስ ትምህርት የወሰደ ተማሪ የዚህን ክርክር ጉድለት ማየት አለበት። ምስክርነት የሚሰጡት ያደጉት ብቻ ናቸው፤ ያላደጉት ቀርበው አልተናገሩም። ከተረፉት ብቻ የተሰበሰበ መረጃ ስለ አደጋው መጠን ምንም አይነግረንም።

ሁለተኛው መልስ «ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ሌጎም ሆነ የኖርዌይ ወንበር ለብዙው ወላጅ ኪስ ከባድ ነው። ነገር ግን የእስክሪብቶ ክዳን ቀዳዳ ፕላስቲክ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። አጋዥ ጎማ ከመግዛት ከትንሽ ብስክሌት ላይ ፔዳሎቹን ፈትቶ ኮርቻውን ዝቅ ማድረግ ይረክሳል። በረኪናን ከመጠጥ ጠርሙስ ጋር በማይመሳሰል፣ ቀለሙ በተለየ ዕቃ መቅዳትም ሀብት አይጠይቅም። ውድ የሚሆነው ፕላስቲኩ ሳይሆን ቀድሞ ማሰቡ ነው።

ማሰብ ደግሞ እንግዳችን አይደለም። የሽቦ መኪና ሠርታችሁ ታውቁ ይሆናል። ጎማው ቆርኪ፣ ሻንሲው የተጣለ ሽቦ፣ መሪው ደግሞ እስከ ልጁ ደረት የሚደርስ ረጅም ዘንግ ነው። ዘንጉ እንዲህ የረዘመው ልጁ ሳያጎነብስ እየሮጠ እንዲነዳው ነው። የተጠቃሚውን ቁመት የለካው ራሱ ተጠቃሚው ነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ተረታችን በዚህ ላይ ተሳስቷል። የሚያሳዝነኝ ይህን የሠራው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የጉልበትን ቀመር በቃሉ እያወቀ፣ ቀመሩ ለእናቱ ወጥ ቤት የሚሆን ክዳን ይሠራል ብሎ አለማሰቡ ነው።

ለዚህም ጥፋቱ በከፊል የእኛ የመምህራን ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲመረጥ ከሩቅ ጋላክሲ ወይም ከጥቃቅን ቅንጣቶች ያነሰውን እንደ ትንሽ ጉዳይ እንቆጥረዋለን። እኔም እንደዚያው አደርግ ነበር። ዛሬ ግን አንድ ተማሪ 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሊንደር በዎርክሾፕ ሠርቶ በገበያ የሚሸጡ መጫወቻዎችን እየለካ ውጤቱን ቢያቀርብ፣ ወይም በአገር ውስጥ ፋብሪካ ሊመረት የሚችል ተጭነው የሚያዞሩት የበረኪና ክዳን ቢነድፍ፣ በደስታ አማካሪው እሆናለሁ። ይህ ከከባዱ ፊዚክስ የሚያንስ አይደለም። ሰበቃው፣ የቁሱ መለጠጥና የመጠን ሕጎች ሁሉ በውስጡ አሉ።

እስከዚያው ግን ለአንባብያን አንድ ቀላል የቤት ሥራ ልስጥ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ከወለል እስከ አንድ ሜትር ከፍታ ድረስ ያለውን ሁሉ በሁለት ዓመት ሕፃን ዓይን ቃኙ። በመጠጥ ጠርሙስ የተቀዳ በረኪና፣ ላምባ ወይም የመኪና ባትሪ አሲድ ካገኛችሁ ሌላ ዕቃ ፈልጉለትና ልጅ ከማይደርስበት ስፍራ አኑሩት። ታናናሾቻችሁን ከመገሠጻችሁ በፊት ጠርሙሱ ምን ሲነግራቸው እንደ ኖረ አስቡ።

ቸር ይግጠመን።